ወደ እምዬ ምንጭ

ዓርብ፣ ኅዳር 7 ቀን 2011 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የወጣነው ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። ወንድሜ ይነዳል። እናቴ ጥቁር ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠቅልላ መስኮቱን ተደግፋለች። ሱሉልታን እስክናልፍ ከአንዳችንም ቃል አልወጣም።

የምንሄደው ለአያቴ አርባ ነው። እኛ የልጅ ልጆቿ እምዬ ነው የምንላት። መስከረም 30 ቀን አረፈች። እኔ ያን ሰሞን ትርፍ አንጀት ተሠርቼ ተኝቼ ነበር። ቤተሰቡ ተማክሮ ደበቀኝ። ስደውል «ደህና ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ይሉኛል። ቁስሌ ከጠገገ በኋላ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። የእናቴን ዘመዶችና የሰፈር ሽማግሌዎችን በዚያ ሰዓት ደጄ ላይ ሳይ አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። መርዶ በንጋት ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኩ። አሁን ንዴቱ የለም። አፈር ሳላለብሳት መቅረቴ ግን ሆዴ ውስጥ እንደተቀመጠ አለ። ስለዚህ ይህ ጉዞ ለእኔ እርም ማውጫ ነው። ደብተር የያዝኩትም ለዚሁ ነው። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። ስለ እሷ የተጻፈ ነገር አንድ እንኳ የለም።

ጫንጮን፣ ሙከጡሪን፣ ፍቼን አልፈን ጎሐ ጽዮን ቁርስ በላን። ከዚያ ዓባይ በረሃ። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ የሚወርድ ገደል ነው። መንገዱ እዚህም እዚያም ሰጥሟል፣ ተሰንጥቋል። ወንድሜ በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ቀስ እያለ ወረደ። ጆሯችን ተደፈነ። ብርዱ ለቀቀንና ልብስ አወለቅን።

እናቴ አፏን የፈታችው እዚህ ላይ ነው። እምዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ስትመጣ እናቴ ነበረች ያመጣቻት። አውቶቡሱ ይህን ገደል ሲያቋርጥ ሌላው ተሳፋሪ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። እምዬ ግን በመስኮት አንገቷን አውጥታ ዛፍ ታያለች። «ያ ምንድነው? ያኛውስ?» ስትል አንድ የቆላ ሰው የእጣን ዛፍ አሳያት። ከዚያ ሹፌሩን አስቁምልኝ ብላ አስቸገረች። ሰባ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ዕድሜዋን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ያሸተተችው ነገር ከምን እንደሚወጣ በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነው። ሹፌሩ አላቆመም። ዓባይ በረሃ ውስጥ እንዴት ብሎ ያቁም? እሷ ግን «አየሁት፣ ቆዳው እንደ ወረቀት ይላጣል» እያለች ስንት ዓመት አወራችው።

ከድልድዩ ማዶ ወጥተን ደጀን ስንደርስ ሜዳው በጤፍ ተሞልቷል። አንዳንዱ ማሳ ለአጨዳ ደርሶ ወርቅ መስሏል። ሉማሜን አልፈን ደብረ ማርቆስ ገባን። አደርን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ከማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ነው። እስከ ረቡዕ ገበያ በመኪና ሄድን። መኪናዋን እዚያ የምናውቀው ሰው ግቢ አቁመን ቀሪውን በእግራችን ሄድን። እናቴ በ63 ዓመቷ ከሁለታችንም ቀድማ ነው የምትራመደው። የአገሯን አየር ስታገኝ ጉልበቷ ይመለሳል።

ቤቱ ከሩቅ ሲታይ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ ጮኸች። ከግቢው ውስጥ ሴቶች ጮኸው ተቀበሏት። እኔም የዚያን ጊዜ ነው የተለቀቀልኝ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም።

እንባው ሲበርድ ቤት ገባሁ። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ጎታው ላይ ነው። ጎታ የእህል ማስቀመጫ ነው። ጭቃ፣ ጭድና እበት ተቦክቶ በእጅ ይሠራል። የሴት ሥራ ነው። ይሄኛውን እምዬ የሠራችው እናቴ ልጅ ሳለች ነው። ከሆዱ በታች፣ ጭቃው ሳይደርቅ የለቀለቀችበት የጣቶቿ መስመር ሳይጠፋ አለ። አራት ጣት ጎን ለጎን። እጄን አስቀመጥኩበት። ጣቶቿ ከእኔ ይሰፋሉ።

ከምድጃው በላይ ጭሱ በሚያልፍበት በኩል ዘር ተንጠልጥሏል። የበቆሎ ራስ፣ የዱባ ፍሬ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የጎመን ዘር። ጭስ ነቀዝ ያርቃል። እምዬ ለዘር የሚሆነውን የምትመርጠው አውድማ ላይ አይደለም። ገና እሸት ሳለ ማሳ ውስጥ እየዞረች፣ ያማረውን ክር ታስርበትና ማንም እንዳይነካው ታደርጋለች። አንድ ጊዜ ክር የታሰረበትን በቆሎ ጠብሼ በልቼ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ። አልመታችኝም። «የዛሬ ዓመት የሚበላውን ሰው ነው የበላሽው» አለችኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁንም ገበያ ላይ በቆሎ ሳነሳ ትዝ ትለኛለች።

ማታ ሴቶቹ ለነገው ዝግጅት እንጀራ ሲጋግሩና ወጥ ሲያቁላሉ አጎቴ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ታሪኳን ያወጋን ጀመር። እኔ እየጠየቅሁ፣ እናቴ እያረመች።

እምዬ የተወለደችው ጣሊያን በገባ ዓመት ነው። ስለዚህ 83 ዓመቷ ነበር። የተዳረችው በ13 ዓመቷ ነው። ይህን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ልጅ ነበረች። አማቷ ኃይለኛ ሴት ነበሩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስታ ትፈጫለች። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ እንጨት፣ ከዚያ ላም ማለብ። የምታለቅሰው ከቤቱ ጀርባ ባለ ኮሶ ዛፍ ሥር ነበር። ኋላ ባሏ፣ ወንድ አያቴ፣ ዛፉን ቆርጦ በር ላሠራበት ሲል «የልጅነቴን እንባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው» ብላ ከለከለችው። በሩ ከሌላ እንጨት ተሠራ። ኮሶው አሁንም ቆሟል።

ዘጠኝ ወለደች። ስድስቱ አደጉ። በ1960 የጎጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። እናቴ 12 ዓመቷ ነበር። እምዬ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ልጆቿን ይዛ ቀርከሃው ውስጥ ገባች። ሦስት ሌሊት አደሩ። የያዙት በሶ ብቻ ነው። «ከዚያ ወዲህ ቀርከሃን ባለውለታዬ ነው የምትለው» አለ አጎቴ። ለቀፎና ለአጥር ብትቆርጥም ጨርሳ አትመነጥርም። አንድ ቆርጣ ሁለት ትተዋለች።

ከዚያ 1967 መጣ፣ መሬት ለአራሹ ሆነ። በ1989 ደግሞ የመሬት ሽግሽግ መጣና ከመሬታችን የተወሰነው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አያቴ ሰውየውን ሰላም አልለው አለ። እምዬ ግን ቡና አፍልታ ጠራችው። ማሳው ዳር ወሰደችውና «ይሄ እንዶድ ነው፣ ይሄ ቀጋ ነው፣ ስታርስ እነዚህን ዞረህ እለፍ» አለችው። ሰውየው ዞሮ አለፈ። ዛሬ ልጁ ለተዝካሩ እንጨት ሲፈልጥ ነው የዋለው።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ሌሊት ለቅዳሴ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ በደን ተከብቧል። ጎጃም ውስጥ ከሩቅ ሆናችሁ አረንጓዴ ክብ ነገር ካያችሁ መሃሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያው እርሻ ነው፣ ራቁቱን። ያገር በቀሉ ዛፍ የተረፈው በቅጽሩ ውስጥ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ። ወፎቹም የተረፉት እዚያ ነው።

እምዬ ከጽድ ሥር ናት። ባሏ ካረፈ በኋላ ቆብ ጭና ስለነበር አገሬው እማሆይ ነው የሚላት። ከፍትሐቱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቄስ ወደ እኔ ዞሩና «ይህን ደን እናትሽ ታውቀው ነበር» አሉኝ። እናትሽ ያሉት አያትሽን ለማለት ነው። ከዚያ ያላወቅሁትን ነገሩኝ። በየክረምቱ መግቢያ እየመጣች ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር በቅለው በጥላ የሚቀጭጩትን ችግኞች ታስፈቅዳለች። «አባ፣ እነዚህ እዚህ ቢቀሩ ይሞታሉ፣ ይስጡኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ይፈቅዳሉ። ከነአፈሩ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በቅርጫት ይዛ ትሄዳለች። የት እንደምትተክላቸው ጠየቅኳቸው። «ምንጩ ላይ ነዋ!» አሉኝ፣ አለማወቄ ገርሟቸው።

ዳሱ ሞልቶ ዋለ። ከሦስት አጥቢያ ሰው መጥቷል። ገና የነቢያት ጾም ስላልገባ በግ ታርዷል። የገብስ ጠላው ከእምዬ ጓሮ በተለቀመ ጌሾ ነው የተጠመቀው። ሰው እየበላ «ነፍስ ይማር» ይላል። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤት፣ የእምዬ የማኅበር እህት፣ ተነስታ ለአፍታ አንጎራጎረች። ሁሉንም አልያዝኩትም። ይቺን ግን ጻፍኩ፦

እንዶዱን ዘፍዝፋ፣ ጌሾውን ቀንጥሳ፣
ምነው ዛሬ ቀረች፣ ምንጯን ተንተርሳ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ታናሽ አክስቴ «ነይ፣ የእናታችንን ነገር ላሳይሽ» አለችኝ። እታለም ነው የምላት። ከእምዬ ጋር እስከ መጨረሻው የኖረችው እሷ ናት። ደብተሬን ይዤ ተከተልኳት።

ከጓሮ ጀመርን። ስድስት ሜትር በአሥር ሜትር ቢሆን ነው። እዚያች ውስጥ የቆጠርኩት ነገር ግን 31 ዓይነት ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት የሚበሉት ናቸው። ጤና አዳም ለቡናና ለሆድ ቁርጠት። ዳማከሴ ለምች። ጌሾ ለጠላ። ግራዋ ለጋን ማጠቢያ። ጥንጁት ለጋን ማጠኛ። ኮባ ለድፎ ዳቦ። ከአጥሩ ላይ ቀጋና አጋም፣ ለእረኛ ልጆች። «አጋሙን ለምን አትቆርጪውም፣ እሾኹ ልብስ ይቀዳል ስላት፣ የእረኛ ምሳ ነው አለችኝ» አለች እታለም።

እንዶዱ ጋ ቆም አልን። የእምዬ ነጭ ልብስ ነጭ የነበረው በእንዶድ ነው። ሳሙና ሲኖርም አትወድም፣ «ጥለት ይበላል» ትላለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ተምሬ መጥቼ ነግሬያት ነበር። በ1950ዎቹ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ ተንሳፍፎ ዶክተሩ ያያሉ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ነው። ከዚያ ምርምሩን ይቀጥላሉ፣ ዓለም ያውቃቸዋል። እምዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ «ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች አመሰገናቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን እስከዛሬ አብሮኝ አለ።

ከቤቱ ክዳን ሥር አራት ቀፎ ተሰቅሏል። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበት የተለቀለቀ። ንብ የወንድ ሥራ ነው ይባላል፣ ማር የሚቆርጠውም ወንድ ነው። የእኛ ቤት ንብ ግን የእምዬ ነበር። አዲሱን ቀፎ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች፣ ንቡ ሽታውን ወዶ እንዲገባ። ማር ሲቆረጥ እስከ መጨረሻው ጥግ አታስወጣም። «በጋውን ምን ይብሉ?» ትላለች። የዘንድሮው የአደይ አበባ ማር አልተቆረጠም። ጊዜው አሁን ነበር፣ በለቅሶ ምክንያት ሰው አልነካውም። እታለም ጆሮዋን ቀፎው ላይ አድርጋ «ከብዷል» አለች።

ከዚያ ወደ ምንጩ ወረድን።

ስለ ምንጩ ብዙ ሰምቻለሁ። ልጅ ሆኜም ጠጥቼበታለሁ። እንደዛሬ ግን አይቼው አላውቅም። ከቤቱ በታች፣ ሁለት ኮረብታ የሚገጥምበት ስርጥ ውስጥ ነው። ከላዩ ትንሽ ጫካ አለ። ቀርከሃ፣ ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድ፣ መሃል መሃሉን ኮርች። ከቤተ ክርስቲያን በቅርጫት የመጡት ችግኞች እነዚህ ናቸው። አንዳንዱን ጽድ በሁለት እጄ አቅፌ አልደርስበትም። ውሃው ከድንጋይ ሥር ይወጣል፣ ክንድ ያህል ውፍረት አለው፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወርዶ ወርዶ ጨሞጋ ወንዝ ይገባል፣ ጨሞጋም ዓባይ።

እታለም ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና የባህር ዛፉን ጠብ አወራችኝ። አያቴ በአንድ ወቅት እዚህ ምንጩ አናት ላይ ባህር ዛፍ ልተክል አለ። ባህር ዛፍ ገንዘብ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ለቤት፣ ለማገዶ፣ ለሽያጭ ይሆናል። እምዬ እምቢ አለች። «ያ ዛፍ ውሃ ይጠጣል። እሱ ሲጠግብ እኛ እንጠማለን።» አያቴ ተቆጣ። አንድ ክረምት ሙሉ ሳይነጋገሩ ከረሙ። ወጥ ታቀርብለታለች፣ ይበላል፣ ቃል የለም። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ገቡበት። ባህር ዛፉ በመንገዱ ዳር፣ ደረቁ መሬት ላይ እንዲተከል ተስማሙ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እናቴ ማርቆስ ተቀምጣ የተማረችው በዚያ ባህር ዛፍ ሽያጭ ነው። የቤት ኪራይዋ፣ ደብተሯ፣ ጫማዋ። እሷ ባትማር እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ አልጽፍም። እምዬም ይህን ታውቃለች። ባህር ዛፍን ጠልታው አታውቅም። ቦታውን ነው ያሳየችው። እኔ ከተማ ተቀምጬ «ባህር ዛፍ ጠላት ነው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ አፌን ያዝኩ።

ጠቡ ምን እንዳተረፈ የታወቀው ቆይቶ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ምንጭ ላዩ ባህር ዛፍ ሆነ። አሁን ከየካቲት በኋላ ይደርቃል። የእምዬው በሚያዝያም አይነጥፍም። ማዶ ያሉት ሴቶች በበጋ እዚህ ድረስ ወርደው ይቀዳሉ። ዛሬም አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። ውሃዋን ቀድታ ከመሄዷ በፊት ከጎድጓዳው ላይ የረገፈ ቅጠል በእጇ ጠረገች። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኩም።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ለክረምት እረፍት መጥቼ እዚሁ የዋኖስ ጎጆ አፈረስኩ። ሁለት እንቁላል ነበረው፣ ተሰበረ። እምዬ ጎጆውን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና «ሥሪው» አለችኝ። ግማሽ ቀን ተቀምጬ ስንጥር በስንጥር ሞከርኩ። ይፈርሳል። ሥራ፣ ይፈርሳል። ሲመሽ መጣች። «ወፏ እጅ የላትም፤ በአፏ ነው የሠራችው» አለችና ይዛኝ ወደ ቤት ሄደች። እራት ላይ ስለዚያ አላነሳችም።

ስንመለስ እታለም ከሳጥን ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተሩን አወጣችልኝ። የአያቴና የእምዬ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። እምዬ ካሜራውን አፍጥጣ ነው ያየችው። ፎቶ አንሺው ሲመጣ የለበሰችውን ሁሉ እታለም ታስታውሳለች። ያ ደብተር ሲሰጣት «እኔም አለሁበት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። አለሽበት አሏት። ከ50 ዓመት በላይ ስታርምና ስትኮተኩት በኖረችበት መሬት ላይ ስሟ የተጻፈው ያኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

የአጎቴ ልጅ እየመራኝ ወደ ጮቄ ወጣሁ። እናቴ ቀረች። ጫፉ ወደ 4,100 ሜትር ይጠጋል፣ እኛ እዚያ ድረስ አልሄድንም። ጅባራ የሚባለው የደጋ ተክል እስከሚጀምርበት ብቻ።

እርሻው አብሮን ወጣ። ገብስ፣ ድንች፣ እንግዶ። ቁልቁለቱ ላይ በጣም ቀጥ ባለበት ሁሉ ታርሷል። ቀይ አፈር የሚያሳይ ቦረቦርም አየሁ። በየዓመቱ በጥር ሰው በዘመቻ እየወጣ እርከን ይሠራል። የአጎቴ ልጅ አንዱን እርከን አሳየኝና «ይሄ የእኛ ጎጥ ነው» አለ። እምዬ በ75 ዓመቷ ድንጋይ ተሸክማ መጥታ ነበር። ልጆቹ አትችዪም ብለው ሲመልሷት ቆሎ ቆልታ ይዛ ተመለሰች። ስንቅ አቀባይ ሆና ዋለች።

ከእርሻው በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ከዚያ የጓሳው ሣር። ከዚያ ጅባራው። ጉም ውስጥ ቆመው ሰው ይመስላሉ። ጅባራ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ይዞ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ከዚያ ይሞታል። አንዳንዱ ረጅም የአበባ ግንዱን አውጥቷል፣ ሌላው ደርቆ ቆሟል። እምዬ ስለ ጅባራ ግጥም አልነበራትም። «ለማገዶም አይሆን፣ ለከብትም አይሆን» ትል ነበር። ግን እንዲቆረጥ አትወድም። «ጉሙን እሱ ነው የሚይዘው» ትላለች። እጄን ቅጠሉ መሃል ስከት እውነትም ውሃ አቁሯል።

እዚህ ከፍታ ላይ ነፋሱ ይናገራል እንጂ ሰው አያወራም። ከታች ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃ የሚነሱባቸው ሸለቆዎች በየአቅጣጫው ይወርዳሉ። ሁሉም ዓባይን ይቀላቀላሉ። ዓርብ ዕለት በመኪና የተሻገርኩት ውሃ ከፊሉ ከዚህ ጉም ነው የሚጀምረው።

ከሰዓት በኋላ ወርደን ቤተሰቡን ተሰናበትን። እናቴ አርባውን አድርጋ ትንሽ ቀላት መሰለኝ። እታለም ምድጃው ላይ ከተንጠለጠለው ውስጥ አንድ የጎመን ዘር ቋጠሮ አወጣች። «አፈር ባይኖርሽም ጣሳ አይጠፋም» አለችኝ። ከዚያ እየሸኘችን ሳለ ግቢው ጥግ የተከመረውን ደረቅ ቆሻሻ አሳየችኝ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ቆሻሻ ይቃጠላል። እምዬ ክምሩን ሳትፈትሽ እሳት አትለኩስም ነበር። በዱላ ከሥር ከሥሩ ትቆሰቁሳለች። ጃርት ካለ፣ እንቁራሪት ካለች እንድትወጣ። ልጆች ቢቸኩሉባትም አትሰማም። «ቤታቸው መስሏቸው ነው የገቡት» ትላለች። «ዘንድሮ እኔ ነኝ የምፈትሸው» አለች እታለም። ድምፅዋ ተሰበረ። አቀፍኳት።

ማርቆስ አደርን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

በጠዋት ተነሳን። ዓባይ በረሃ ላይ ወንድሜን አስቆምኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ወርጄ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ራመድኩ። የእጣን ዛፍ ፈለግኩ። ራቅ ብሎ አንድ አየሁ። ቆዳው እንደ ወረቀት ይላጣል። እናቴም ከመኪናው ወርዳ አጠገቤ ቆመች።

አዲስ አበባ ስንገባ መሽቷል። ከተማው በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ይህ ልማድ የመጣው በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ነው። ዘንድሮ ልክ መቶ ዓመቱ። የእኛ ኮንዶሚኒየም ልጆችም ከሕንፃው ጀርባ ቅጠልና ወረቀት ከምረው ክብሪት ይዘው ቆመዋል።

ሻንጣዬን አስቀምጬ የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ወረድኩ። ቆዩ አልኳቸው። ክምሩን ከሥር ከሥሩ መቆስቆስ ጀመርኩ።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለኝ አንዱ።

«እንቁራሪት ትኖር እንደሆነ እያየሁ ነው።»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ሮጦ ሄዶ ሌላ እንጨት ይዞ መጣና በወዲያኛው በኩል ይቆሰቁስ ጀመር።